ዘርፍ የሌለው ባለቤት

በዚያ የሐምሌ ሳምንት ስርጉት ከሞጣ ወደ ቢቸና ስትሄድ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ድረስ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ሁለት ጊዜ ወርዳ ሁለት ጊዜ ወጣች። ረዳቱ ሰልችቶት፣ «እማማ፣ ቦታሽን ሰው ይይዝብሻል» አላት።

«ይያዝ። ለምጄዋለሁ» አለችው።

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ጭኗ ላይ ባስቀመጠችው የላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ። አንዱ በሟች ባሏ በሣህለ ማርያም ስም የወጣ የቤት ካርታ ነው። ሁለተኛው ቢቸና ከሚገኘው የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የታተመ የወራሾች ዝርዝር ነው። ሦስተኛው ገና ያልተሞላ የአቤቱታ ቅጽ ነው። ቅጹን ሞልታ ለማስገባት የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው። ካላስገባች፣ ከባሏ ጋር ያሠራችው ቤት አዲስ ካርታ ሲወጣለት የሟቹ ድርሻ ለሁለት ልጆች ይመዘገባል። አንዷ ሞጣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ጸደንያ ናት። ሌላው አብዱራዛቅ ሰይድ ይባላል። አብዱራዛቅ ልብስ ሰፊ ነው፤ የዚያው ቤት ተከራይ ነው።

ስርጉት ሠላሳ አራት ዓመት ቢቸና አማርኛ ያስተማረች ሴት ናት። ቤቱን በ1986 ዓ.ም. ሲያሠሩ ሣህለ ማርያም እንጨቱን መረጠ፣ እሷ ከደሞዟ ምስማሩን ገዛች። ባሏ በ2006 ዓ.ም. ሞተ። ካርታውን ወደ ራሷ ስም ለማዛወር ከግብር ዕዳ ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ስትባል፣ ዛሬ ነገ እያለች ተወችው። በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ስትወጣ ሞጣ ልጇ ዘንድ ገባች፤ ፊት ለፊት መንገዱን የሚያየውን ሰፊ ክፍልና ከኋላው ያለችውን ጠባብ ክፍል ለአብዱራዛቅ አከራየች። ተከራዩን የጠቆመቻት የገዛ እናቱ ኸይራት ነበረች። ኸይራት ሞጣ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ስርጉት የበዓል ቀሚሷን የምትገዛው ከእሷ ነው። «ልጄ እጁ ንጹሕ ነው። አፉ ብቻ አይዘጋም» ብላ ሰጠቻት።

በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ግብር ገማቾች በቢቸና ከበር በር መዞር ጀመሩ። ስርጉት ለኪራይ መጥታ ግቢው ውስጥ ነበረች። ጎረቤቷ ይርጋነሽ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ ጠራቻት።

«ኪራይ የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ! ሁሉም ዘመዴ ነው እያለ ነው የሚያሳልፋቸው። እኔ ሦስቱንም የአክስቴ ልጆች ናቸው ብያለሁ።»

«አንዷ ትናንት አይደል እንዴ የገባችው?»

«አክስቴ ብዙ ወልዳለች።»

ስርጉት ሳትስቅ አልቀረችም። ገማቹ ሲገባ ግን ሳቋ ጠፋ፤ ሐብታሙ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ያስተማረችው። ደብተሩን ከፍቶ በብዕሩ ወደ ልብስ ሰፊው አመለከተ።

«ቲቸር፣ ይኼ ማን ነው?»

«ዘመዴ ነው።»

«ስም?»

«አብዱራዛቅ ሰይድ» አለ ልብስ ሰፊው ራሱ፣ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳያነሣ።

ሐብታሙ የስርጉትን አንገት አየ፤ ማተብ አለ። አብዱራዛቅን አየ፤ ራሱ ላይ ነጭ ኮፍያ አለ። «ዘመድነቱ በየት በኩል ነው፣ ቲቸር?» አለ በትሕትና።

«የጡት ልጄ ነው» አለች ስርጉት።

ቃሉ ከየት እንደመጣላት በኋላም አላወቀችም። በአገሩ የድሮ ወግ ነው፤ ሰው ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ ላልወለደችው ሴት ወይም ላልወለደው ጌታ ልጅ ይሆናል። ወጉ ሃይማኖትን አይጠይቅም። ዛሬ የሚያደርገው ጥቂት ነው፣ የማያውቀው ግን የለም። ስለዚህ ሐብታሙ አልተከራከረም። «ባለይዞታዋ ከጡት ልጃቸዉ ጋር ይኖሩበታል፤ ኪራይ የለም» ብሎ ጻፈና እንድትፈርም ሰጣት። ስርጉት አነበበችው። «ልጃቸው መጨረሻው ሳድስ ነው» አለችና «ዉ»ን ሰርዛ «ው» አደረገችለት። ከዚያ ፈረመች።

እስከዚያ ቀን ድረስ አብዱራዛቅ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ነበር የሚላት። ሐብታሙ ከበሩ እንደወጣ ከመኪናው ተነሣና እጁን ዘርግቶ፣ «እማዬ! ማሩስ የታል?» አላት። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀልዱ ግን አልበረደም። በሚቀጥለው ወር «እማዬ፣ ደኅና ገባሽ?» ብሎ ደወለ። በፋሲካ ደወለ። ሐሞቷን ታማ ደብረ ማርቆስ ስትተኛ ሥራውን ዘግቶ ሦስት ቀን በር ላይ ተቀመጠ፤ ነርሶቹም «ልጅሽ መጥቷል» አሏት፤ ማንም አላረማቸውም። ኪራዩን በእጁ ይሰጣታል፣ በእጇ ትቀበላለች። ደረሰኝ የለም፤ ኪራይ ራሱ የለማ። በ2012 ዓ.ም. የፊቱ ክፍል ጣሪያ ዝጎ ክረምቱን ሲያፈስስ አብዱራዛቅ በራሱ ገንዘብ አዲስ ቆርቆሮ መታ፤ ወለሉንም በሲሚንቶ አስለሰነ። «ከኪራይ እየቀነስሁ እቆጥርልሃለሁ» አለችው። ጥቂት ወር ተቀነሰ፤ ከዚያ የኑሮው ውድነት መጣ፣ ጸደንያም ወለደች፣ ነገሩ እንደዋዛ ቀረ።

ዝርዝሩ መለጠፉን የነገረቻት ይርጋነሽ ናት፣ በስልክ። «አንቺ፣ ወንድ ልጅ ወልደሻል እንዴ?» አለቻት።

ስርጉት በማግስቱ ቢቸና ሄዳ ሰሌዳው ላይ አየችው። ሁለተኛ ጊዜ የሄደችው አብዱራዛቅን ለመጠየቅ ነበር፤ ሱቁ ተቆልፎ አገኘችው፤ ስልኩም አይነሣም። በራፉ ላይ ግማሽ ቀን ወዲያና ወዲህ ስትል ዋለች። ሞጣ ስትመለስ ጸደንያ ሕፃኑን ታቅፋ ጠበቀቻት።

«ተሸሸገ ማለት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» አለች ጸደንያ። «ተከራይ ነው በይና አስወጪው። ምኑ ይከብዳል?»

«ተከራይ ነው ካልሁ፣ የአምስት ዓመት ግብርስ?»

«ትከፍያለሽ።»

«መዋሸቴስ? ዋሸህ ብዬ ስንቱን ልጅ ያንበረከክሁ ሰው ነኝ።»

«እማ፣ የቤት ጉዳይ ነው የምናወራው። ያባቴ ቤት ነው።»

ስርጉት ቦርሳዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ያንን ሌሊት አልተኛችም ማለት አይቻልም፤ ተኝታለች፤ ግን ሲነጋ ነጠላዋን እንደለበሰች ነበር። ጠዋት ገበያ ሄደች። ኸይራት ከጨርቁ ክምር ኋላ ሆና ከሩቅ አየቻት።

«ነይ እስቲ፣ የልጄ እናት! ለመሆኑ መቼ ነው ያጠባሽው? እኔ የት ሄጄ ነው?»

«ኸይራት፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔ ነኝ ወይስ አንቺ የቀለድሽው? እኔ ዘጠኝ ወር ተሸክሜው አንዲት መደብ አላወረስሁትም፤ አንቺ በአንድ ፊርማ ቤት ሰጠሽው።» ኸይራት ጨርቁን አጣጥፋ ቀጥ አለች። «የት ነው ያለው እንዳትይኝ፤ ባሕር ዳር ለዩኒፎርም ጨርቅ ሄዷል፤ ዛሬ ቢቸና ይገባል። አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጄ ሌባ አይደለም። የነገሩትን ግን አይረሳም።»

ሦስተኛው ጉዞ ይኸው ነው። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ሲቆም ሌሎቹ ሻይ ጠጡ፤ ስርጉት መኪናውን ዞረችው። ቢቸና ስትደርስ በቀጥታ ወደ ሱቁ አልሄደችም። ማዘጋጃ ቤት ገባች። ፋይሉን የያዘው ሐብታሙ ነበር፤ ፀጉሩ ሳስቷል፤ ሲያያት አሁንም ከወንበሩ ተነሣ።

«ሐብታሙ፣ እኔ የጡት ልጅ ነው ያልሁህ።»

«እኔም እንደሱ ነው የጻፍሁት፣ ቲቸር። ይዩት።» ሦስት ወረቀት ዘረጋላት።

በ2009 ዓ.ም. ወረቀት ላይ «ከጡት ልጃቸው ጋር» ይላል፤ የእሷ እርማት በሰማያዊ ቀለም አለ። በ2011 ዓ.ም. ወደ አዲስ መዝገብ ሲገለበጥ ገልባጩ ቦታ ጠቦት «ከጡ/ልጃቸው ጋር» ብሎታል። በ2013 ዓ.ም. መዝገቡ ኮምፒዩተር ሲገባ «ልጅ» ይላል።

«ጡ ምን ነካው?» አለች።

«ኮምፒዩተሩ የሚያስመርጠው ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ሌላ ብቻ ነው። ጡት የሚል የለውም።» ሐብታሙ እንዳይስቅ አፉን በእጁ ያዘ። «የዘንድሮ ቀያሾች ዞረው የመዘገቡትን ከዚሁ ጋር አመሳከሩ። ቤት ውስጥ ያገኙት ሰው ልጅ ነኝ አለ። ፋይሉ ልጅ ነው አለ። ተስማማ። ካርታው በባልዎ ስም ስለሆነ የእሳቸው ወራሽ ተባለ።»

ስርጉት ወረቀቶቹን ደጋግማ አየች። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የቤት ክዳን» ብላ ትጽፍና የቱ ዘርፍ፣ የቱ ባለቤት እንደሆነ ልጆቹን ትጠይቅ ነበር። «የቤት» ዘርፍ ነው፤ «ክዳን» ባለቤት። ዘርፉ ቢወድቅ ባለቤቱ ብቻውን ይቆማል፤ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ብላ ታስረዳ ነበር። ከጎበዞቹ አንዱ ሐብታሙ ነበር።

«ዘርፉን ጣላችሁት» አለች።

«ባለቤቱ ቀረ» አለ ሐብታሙ ቶሎ፣ እንደ ተማሪ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅጹን ይሙሉ፣ ቲቸር። ግን አምስተኛው ጥያቄ ላይ ሰውየው በምን ምክንያት ቤቱ ውስጥ እንደሚኖር ይጠይቃል። እዚያ የሚጽፉት ቃል ገቢዎች ዘንድ ይደርሳል።»

ሱቁ ክፍት ነበር። ክረምት ነው፣ ለመስከረም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሏል። አብዱራዛቅ ከመኪናው ቀና አለ።

«እማዬ! መጣሽ? ስልኬ ባሕር ዳር መናኸሪያ ተሰረቀ እኮ። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «ለቀያሾቹ ማን ነኝ አልሃቸው?»

«ልጅ።»

«የማን?»

«ያንቺ ነዋ። ምን ልበል? ተከራይ ልበል?» መቀሱን አስቀመጠ። «በየዓመቱ ወረቀት የያዘ ሰው ይመጣል፣ ማን ነህ ይለኛል፣ ልጅ ነኝ እለዋለሁ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ዘንድሮም መጡ፣ አልኋቸው።»

«እነዚህ ግብር ሰብሳቢዎች አይደሉም። ቤት ለኪዎች ናቸው።»

«በመልክ አይለዩም።»

«ፈርመሃል?»

አብዱራዛቅ የክሩን ጫፍ በጣቱ ጠመዘዘ። «ፈርሜያለሁ።»

«ሳታነብ?»

በዚህ ጊዜ ዝም ቢል ወይም አዎ ቢል፣ ስርጉት ወጥታ ቅጹን ሞልታ ወደ ሞጣ ትመለስ ነበር። እሱ ግን፣ «አንብቤ ነው» አለ።

ከበሩ እስከ ግድግዳው አምስት እርምጃ ነው። ስርጉት ሄደች፣ ተመለሰች። «እናትህ ሌባ አይደለም ብላኛለች።»

«አይደለሁም።» በመቀሱ ወደ ላይ አመለከተ። «ያ ቆርቆሮ የማን ነው?»

«ያንተ... ከኪራይ ይቀነሳል ተባብለን...»

«የት ተጽፏል?»

ስርጉት ቦርሳዋን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ነገ ክፉ ነገር ቢመጣ፣ አላህ ያቆይሽና፣ ጸደንያ ምን ትለኛለች? ኪራይ የከፈልህበትን ደረሰኝ አምጣ ትለኛለች። የለኝም። ውልህን አሳየኝ ትለኛለች። የለኝም። ተከራይ እንዳልሆንሁ አንቺ ራስሽ ፈርመሻል። ቆርቆሮውን ነቅዬ ልሂድ? ሲሚንቶውን በምን ልንቀለው? ቀያሹ ልጅ የሚለውን ሲያስነብበኝ፣ እዚህ ቤት ውስጥ መኖሬን የሚያሳይ ወረቀት በሕይወቴ ያየሁት ያንን ብቻ ነው። ተከራይም ካልሆንሁ፣ ልጅም ካልሆንሁ፣ እዚህ ምንድን ነኝ?»

ውጭ ዝናብ ጀመረ። አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ድምፁ በረታና ለጥቂት ጊዜ መነጋገር አልተቻለም። ስርጉት ጣሪያውን አየች። አንድም ቦታ አያፈስስም። የምትናደድበትን ነገር ፈለገች፤ ያገኘችው የራሷን ሰማያዊ እርማት ብቻ ነበር። አንድ ፊደል አርማ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ትታዋለች።

ዝናቡ ሲቀንስ ቅጹን አውጥታ በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አምስተኛው ጥያቄ ፊት ለፊት አራት ሳጥኖች ነበሩ፦ ልጅ፣ ዘመድ፣ ተከራይ፣ ሌላ። ብዕሩን አነሣች፣ መለሰች፣ ደግሞ አነሣች።

«ተከራይ ካልሁ፣ ነገ ጠዋት አብረኸኝ ገቢዎች ትሄዳለህ?»

«ውል ይኖረኛል?»

«ይኖርሃል።»

«ቆርቆሮው ይጻፋል? ሲሚንቶውስ?»

«ሁለቱም ይጻፋሉ።»

«አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?»

«እኔ ግብር ከፋይ እሆናለሁ» አለችና ሦስተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ምልክቱ ከሳጥኑ ትንሽ ወጣ።

በማግስቱ ምስክር ያስፈልግ ስለነበር መጀመሪያ ይርጋነሽን ጠየቀቻት። ይርጋነሽ ከበሯ ሳትወጣ፣ «እኔ ገቢዎች ግቢ አልገባም። አክስቴ ታማለች» አለቻት። ምስክሮቹን ከመንገድ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት አገኙ።

በገቢዎች መስኮት ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ አመተ ሥላሴ የምትባል ወጣት ናት። የስርጉትን ነገር እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት፤ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሰማች ይመስላል። ያለፉት አምስት ዓመታት ግብር ከነቅጣቱና ከነወለዱ ተሠላ። የወጣው ቁጥር ከስርጉት የስድስት ወር ጡረታ ይበልጣል። ተከፋፍሎ እንዲከፈል ሲፈቀድላት ስርጉት ወረቀቱን ገለበጠችው፣ ጀርባው ላይ ምንም የለም፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ይኼን ያህል አይሆንም ነበር፣ እናቴ» አለች አመተ ሥላሴ።

«አውቃለሁ። አስተማሪ ነበርሁ።»

ውሉን ከገቢዎች በራፍ ላይ ኮምፒዩተር የዘረጋ ጸሐፊ ነው ያዘጋጀው። ስም፣ አድራሻ፣ የክፍሎች ብዛት፣ የኪራዩ ልክ፣ የጣሪያና የወለል ወጪው ከኪራዩ የሚቀነስበት ጊዜ። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «በሁለታችሁ መካከል ዝምድና አለ? ካለ መጻፍ አለበት» አለ።

አብዱራዛቅ ወደ መንገዱ ዞረ።

«የለም» አለች ስርጉት።

«በአከራይና በተከራይ መካከል የሥጋም ሆነ የጉዲፈቻ፣ የጡትም ሆነ የክርስትና ማንኛውም ዓይነት ዝምድና የሌለ መሆኑን» ብሎ ጸሐፊው ጮክ ብሎ እያነበበ መታው። የጡት የሚለውን ማንም አልነገረውም፤ የአገሩ ሰው ነው፣ ከልማዱ አስገባው። ስርጉት ሦስቱንም ቅጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። በሦስቱም ላይ «የጡት» ሙሉውን ተጽፏል፤ አንድም ዘርፍ አልወደቀም። ፈረመች። አብዱራዛቅም ፈረመ፤ ሳያነብ አልፈረመም። አቤቱታውን ከውሉ አንድ ቅጂ ጋር ለሐብታሙ አስገቡ። የአብዱራዛቅ ስም ከወራሾቹ ዝርዝር እንዲወጣ አብዱራዛቅ ራሱ በጽሑፍ አመለከተ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። በመንገድ ላይ ስለ ጨርቅ ዋጋ አወራ፣ ስለ ባሕር ዳር ሌቦች አወራ፤ ሁሉንም እማዬም እትዬም ሳይላት አወራ። ሚኒባሱ ሲነሣ እጁን አነሣ።

ስርጉት በመንገድ ሁሉ ሐሳቧ አላረፈም። ቤቱ የእሷና የጸደንያ ነው፤ ይህ ተረጋግጧል። ስም ማዛወር ትችላለች፤ የሚከለክላት ነገር የለም። ውሉን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው፣ አጠፈችው፣ ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ደግሞ አወጣችው። ጎኗ የተቀመጡት ሰውዬ፣ «የፍርድ ቤት ነገር ነው?» ብለው ጠየቋት።

«የቤት ነው።»

«ረታሽ?»

«ረታሁ» አለች፤ ከዚያም ወረቀቱን መልሳ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

ሞጣ ሊገቡ ሲሉ ስልኳ ጠራ። ቁጥሩን አላወቀችውም። አብዱራዛቅ ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ስልክ።

«ደረሱ?» አለ።

ለማረም አፏን ከፈተች። ግሡ ግን ስሕተት አልነበረበትም።